ቆቋን ማን አረዳት

ጥር 9 ቀን 2001፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ሁለት ቆቅ። ተነጭተዋል፣ ተለብልበዋል፣ ሳፋ ውስጥ ተጋድመዋል። ገበያ ወርጄ ቅቤዬን ይዤ ስገባ እንዲህ ሆነው ጠበቁኝ። ጭንቅላት የላቸውም። አንገታቸውም ከትከሻው ተቆርጧል። አንገት ይጣላል እንዴ? አንገት ብልት ነው፣ ሰው የሚጣላበት።

ጫልቱ ጉደር ማዶ ያለው ወንድሜ ላከልን አለች። ደግ።

ደብተሬ፣ አንቺ አዲስ ነሽና ላስተዋውቅሽ፤ የፊተኛዋ ሞልታ አርፋለች። ጫልቱ የልጄ የግርማ ሚስት ናት። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ግርማ ነቀምት በኩል መንገድ ሥራ ላይ ዶዘር ይነዳል፣ የሚመጣው ለበዓል ነው። ሜቲ ልጃቸው ናት፣ አራት ዓመቷ፣ ቀሚሴን ይዛ ነው የምትውል። እኔ ጽሕፈት ያወቅሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ቆቁን ሠራሁት። ቆቅ እንደ ዶሮ አይደለም፣ ስብ የሚባል የለው፣ ጭኑ ገመድ ነው። በሎሚና በጨው አሽቼ አቆየሁት። ቁሌቱ ሳይደርቅ ቅቤ ቶሎ ይፈልጋል። ዶሮ አሥራ ሁለት ያወጣል፤ ይቺን ምን ብዬ አሥራ ሁለት ላውጣት። አራት አራት አደረግኋቸው። ሆድ ዕቃቸውን ስከፍት የሰው አውድማ ጤፍ ሞልቷል። ሌባ ወፍ። ግን ጣፈጠ። አጥንቱን ሳይቀር መጠጥኩት።

አንገቱ ግን የት ሄደ?

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጾም። ሽሮ። ሆዴ ባዶ ሲሆን ሐሳቤ ይበዛል።

ቆቅ የሚያዘው በወጥመድ ነው። ወጥመድ ያንቃል። ወጥመድ ያነቀው፣ ቢላዋ ሳያገኘው የሞተ፣ በክት ነው። አንገቱ ላይ የቢላዋ ምልክት እንደሌለ እንዳላይ ነው እንግዲህ አንገቱ የተጣለው። እኔ አሮጊቷ በክት በልቼ ጥምቀትን አከበርኩ ማለት ነው?

ጠየቅኋት። ወንድምሽ ሲይዘው በሕይወቱ ነው ወይ? ኤዬ አዮ፣ አለች። ኤዬ አዎን ነው፤ አዮ የምትለኝ እናቴ ማለቷ ነው። ታርዷል ወይ? ታርዷል። ማን አረደው? ሽንኩርት አልቋል ነገ ልግዛ ወይ፣ አለችኝ። ሽንኩርት ጠየቅሁሽ እኔ?

ጴንጤ ናት። ለእኔ ብላ ግን ረቡዕና ዓርብ ከእኔ ጋር ሽሮ ትበላለች። ይሄን አልክድባትም። ጴንጤ ያረደውንም በሥላሴ ስም ካረደው እበላለሁ፣ ስንቱን አልፈናል። የማልበላው ያልታረደውን ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ዛሬም ሁለት። ዛሬም ከገበያ ስመለስ ተነጭተው። ዛሬም አንገት የለም።

ለሜቲ አልጫ አደረግሁላት፣ ለእኛ በበርበሬ። ወጡ ገና ሳይወጣ መ/ር ደረጀ ከበራፉ ሆኖ እማማ ዛሬም ቆቅ ነው መሰለኝ ይላል። ደረጀ የጎኗን ክፍል የተከራየው አስተማሪ ነው። ረጅም፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ሚስት የሌለው። እንዴት አወቅህ አልኩት። ከሽታው አለ። ቆቅና ዶሮን በሽታ የለየ ወንድ ዛሬ አየሁ።

ጫልቱ በሳህን ይዛለት ሄደች። እኔ ሳላዛት።

በላሁ። ምን ላድርግ፣ ወጡ የራሴ ነው። ግን እያንዳንዱን ጉርሻ አማተብኩበት።

ጥር 18፣ ሰኞ

ሳጥኔን ከፈትኩ። የባለቤቴ ቢላዋ ነጠላ ቅዳጅ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጥ። እሱ ካረፈ ጀምሮ ለበዓል ዶሮ ብቻ ነው የሚወጣው። እኔ ስቋጥር ሁለቴ ነው። ዛሬ አንዴ ነው የተቋጠረው። ፈታሁት። ታጥቧል፣ ተስሏልም። እጀታው ሥር ላባ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ ነቁጥ ያለባት።

የዶሮ ላባ አይደለችም። ስንት ዓመት ላባ ስነጭ ኖሬ።

 ሁለቴ ቋጥሬ መለስኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥር 24፣ እሑድ

የጫልቱ ወንድም ዲንቃ ለለቅሶ አምቦ መጥቶ ጎራ አለ። ደግ ልጅ ነው፣ ፂሙ ገና ነው። አስቀመጥኩት፣ አበላሁት፣ ከዚያ ወሬውን መዘዝኩት።

ወጥመዱን ከፈረስ ጭራ ነው የሚሠራው። አውድማው ዳር ይቀብረዋል፣ ጎጎሪው (እነሱ ቆቁን ጎጎሪ ይሉታል) እግሩን ሲያስገባ ይያዛል። እግሩን፣ አንገቱን አይደለም። እና እዚያው ታርዳቸዋለህ አይደል አልኩት፣ እንደ ቀላል ነገር። ልጁ ከፋው። አዴ፣ እኔ በሕይወቱ ነው የምልከው፣ ገበያ የምትመጣ ጎረቤቴ በቅርጫት ይዛ እዚህ በር ድረስ ታደርሳለች፤ በክት ሰው ቤት ይላካል እንዴ አለኝ።

ጫልቱ ከጀርባዬ ነበረች። ዘወር ስል ዓይኗ ወንድሟን ዝም በል ሲል ደረስኩበት።

እንግዲህ ደብተሬ፣ ቁጭ ብለሽ አስቢው። በሕይወቱ እዚህ ይደርሳል። እኔ ስመለስ ታርዷል። እዚህ ግቢ ነው የታረደው። ሴት አታርድም። እናቴ አላረደችም፣ እኔም ባሌ ከሞተ ጀምሮ ዶሮ አቅፌ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ወንድ ስለምን ነው የኖርኩት። ታዲያ በባሌ ቢላዋ፣ ልጄ በሌለበት፣ እኔ ገበያ ስወርድ፣ ማነው እየገባ የሚያርደው?

በክት አይደለም። ከበክት የባሰ ነው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ፈተንኩት። ዶሮ ገዛሁ፣ መ/ር ደረጀ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

መምህር፣ እስቲ ይቺን እረድልኝ።

እኔ?

ሌላ ወንድ ይታይሃል ወይ እዚህ ግቢ?

ይቺን ስናገር ፊቱን አየሁት። ቀላ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ዶሮዋን እንደ ደብተር ያዛት። እማማ ፊቷን ወዴት ላዙራት ይለኛል። ወደ ቤተክርስቲያን አዙራት፣ ትናዘዝ አልኩት። ክንፏን ሳይረግጥ ዓይኑን ጨፍኖ ቢላዋውን ሲያነሳ አምልጣው ጌሾው ውስጥ ገባች። የሰፈራችን ሰው ኦቦ ለሜሳ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ቆሞ ሳቀበት። መምህር፣ ቾክ መሰለህ ወይ? ብሎ ገብቶ ያዛት፣ በአንድ ጊዜ ጨረሰልን።

ጫልቱ በመስኮት ታይ ነበር። አፏን በሻርፕ ይዛ ትስቃለች።

መ/ር በልጅነቴ ደም ሳይ እወድቅ ነበር ይላል። አስመሳይ። እንዲህ አድርጎ የማያውቅ የሚመስለው የሚያውቅ ሰው ነው። ይሄን ያህል አልችልም ማለት ምን የሚሉት ነው? ተመካክረውበታል።

ጥር 30፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ሦስት ቆቅ። ሠራሁ፣ አልበላሁም። ጥርሴን አመመኝ አልኩ። ጫልቱ ሥጋውን ፈልፍላ፣ አድቅቃ፣ በትንሽ ሳህን አመጣችልኝ። እንዲህ ካደረግሁት ይዋጥልሻል አዮ። አልነካሁትም። ሜቲ በላችልኝ።

በኋላ ጌሾ ልቆርጥ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከመምህሩ ክፍል ጀርባ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደም። ታጥቧል ግን ጥጉ ላይ ቀርቷል። ከእሱ ግድግዳ ጀርባ። ሌላ ምን ማስረጃ ይመጣልኛል፣ መልአክ ወርዶ ይንገረኝ?

ልጅቱን አያለሁ፣ ሜቲን። እናቷ ከዚህ ቤት ከወጣች እሷም ትወጣለች። ይሄን ሳስብ ምናለ ባላየሁ እላለሁ። ልጄ ግን ፀሐይ ላይ ዶዘር ሲነዳ ይውላል። ለማን ብሎ?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የነነዌ ጾም ሁለተኛው ቀን። ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ጓሮ ነው።

ከጎረቤቴ ሞባይል ለምኜ ደወልኩለት። ግርማዬ፣ ለቅበላ ና። ምን ሆናችሁ አለ። ቤትህን መጥተህ እይ። ሰው ታመመ? አልታመመም። እንግዲህ ተናገርኩ፤ አንተ በሌለህበት ለሚስትህ የሚያርድላት ወንድ አለ አልኩ።

ስልኩ ተቋረጠ መሰለኝ። ማነው አለ። ሩቅ አይደለም አልኩ።  ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለቅበላ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነግሪያት አለኝ።

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አባቱም የሚያስፈራው ቀስ ብሎ ሲናገር ነበር።

ጎረቤቴ ሞባይሏን ስትቀበለኝ ምን አልሽው ትላለች። በርበሬ እንዲያመጣ አልኳት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ በፊት ይሁን በኋላ እንጃ

ፊደሌ ዛሬ ከወትሮውም ብሷል።

ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ። ገበያ ግን አልወረድኩም፣ በወንዙ መንገድ ዞሬ በጎረቤቴ ጓሮ ገብቼ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ። አጥሩ ዳር የቆመች እኔ፣ ቆቅ የመሰልኩ እኔ። ሸንበቆው ጎኔን እየወጋኝ።

የመጀመሪያው ያየሁት የመምህሩ በር ነው። ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ኧረ እሱ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጉደር ይማራል፣ ከምሳ በኋላ ነው የሚመለሰው አለች። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። እኔ ሁልጊዜ ገበያ ነኝ፣ በምን ልወቅ?

ታዲያ ሌላ ሰው ነው ብዬ ጠበቅሁ። በሩን አያለሁ። ማንም አልገባም።

ጫልቱ መጣች። ብቻዋን። ቆቋን በሻርፕ አቅፋ፣ ቢላዋው በሌላ እጇ። ግራ ቀኝ አየች። ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ክንፎቿን በአንድ እግሯ ረገጠች፣ ጭንቅላቷን ያዘች። መቃ አባ፣ መቃ ኢልማ፣ መቃ ሐፉራ ቁልቁሉ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። አንድ ጊዜ ሳበችው። አለቀ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ደሙ እስኪያልቅ ያዘቻት፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስተኛ።

ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ። እኔን ነው።

አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ቀና አለች። አየችኝ። አዮ ብላ ቀረች።

ምላሴ፣ ያ የማያርፈው፣ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋበት። አንገቷን ለምን ትጥያለሽ አልኳት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ተነጋገርን። ድስቱ በመሃላችን፣ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ስለዚህ ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም።

ነገሩ ከገና ጀምሮ ነው። ግርማ ያኔ አልመጣም፣ እኔ ወገቤን ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ እሷ ዶሮ አቅፋ በር ላይ ቆመች። አንድ መንገደኛ ገብቶ አረደላት። በማግስቱ መጣ፣ ዶሮዋ ጣፈጠች ወይ ብሎ። በሳልስቱም መጣ። ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው ይላታል። ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ በር ላይ አልቆምም ብላ ማለች። ወንድሟ ቆቁን በሕይወቱ ሲልክ እንደ እናቷ አደረገች። አባቷ ሲሞት ዲንቃ ገና ይጠባ ነበር፣ እናቷ በሯን ዘግታ ራሷ ታርድ ነበር። ለሰው አትንገሩ፣ ለሥላሴ ነግሬዋለሁ ትላቸው ነበር አለችኝ።

አንገቱስ? የመጀመሪያ ቀን እጇ ተንቀጥቅጦ ሁለት ቦታ ነካችው። ወንድ ያረደው አይመስልም፣ አዮ ታውቅብኛለች ብላ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ።

ለምን አልነገርሽኝም? ብነግርሽ አትበይማ አለች። እውነቷን ነው፣ አልበላም ነበር።

ወንድ ፍለጋ አልቆምም ያለችውን ሴት ነው ወንድ አላት ያልኩት።

ለግርማ መደወሌን ነገርኳት። መክተፊያው ላይ ቢላዋውን አስቀመጠች።  ሜቲን ይዤ ወንድሜ ጋ ልሂድ፣ እሱ ሲበርድ እመጣለሁ አለች። ከወጣሽማ እውነት አደረግሽው አልኳት። ያምነኛል ብለሽ ነው አዮ? ሴት አረደች ብለው ማን ያምናል? አንቺ በዓይንሽ እስክታዪ ማን እንዳረደ ስንት ሳምንት ፈጀብሽ?

ቢላዋዋን አንስቼ የእሷንም ሽንኩርት ከተፍኩላት። 

ቄሱን አልጠይቅም። ሴት ያረደችው ይበላል አይበላም ብዬ ከጠየቅሁት ይመልስልኛል። ዛሬ ግን ያቺ ትናንት ያየኋት ቆቅ ድስት ውስጥ ነች፣ አንገቷም አለ። አንገቷን እኔ በላሁት።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ስልኩ አይሠራም። ያሉበት ካምፕ ኔትዎርክ የለም ይላሉ። ጎረቤቴ በርበሬውን ነገርሽው ወይ ትለኛለች። ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ለመክሰስ አንዴ በደወልኩ ያነሳ ልጅ ለማስታረቅ አያነሳም።

መ/ር ደረጀን እሑድ ከቤት ውጣ፣ ዘመድ ጠይቅ አልኩት። ለምን እማማ? ጠረጠርኩህ አልልም መቼም። ቤቱ ይጸዳል አልኩት። ቆቁ ይቀርብኛል እንዴ ይላል። ሆዳም። አንድ ሳህን ይቀመጥልሃል አልኩት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት

የጭነት መኪና ሹፌር መልእክት አመጣ። ግርማ ነገ ጠዋት ይደርሳል። ሹፌሩ ምን ሆኗል ሰውዬው፣ ከካምፕ ሲነሳ ከማንም አልተሰናበተም አለኝ።

ጫልቱ ትናንት ሌሊቱን አልተኛችም፣ ዛሬ ግን ቤቱን ስትጠርግ ዋለች። የሜቲን ፀጉር ሠራቻት። የልብስ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ተዘጋጅቷል፣ አይቻለሁ፣ አላየሁም።

አንዲት ቆቅ መጥታልናለች። ዛሬ አላረድናትም። እንቅብ ደፍተንባት እየጫረች ናት። ሜቲ በቀዳዳው ጤፍ ትበትንላታለች።

እያየኋት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባሌ የሞተ ዓመት ፋሲካ። ዝናብ ነበር። ዶሮዋን አቅፌ በር ላይ ቆምኩ፣ መንገደኛ የለም። ያ ለቅዳሴ የቸኮለው ሰው ሁሉ በሌላ መንገድ አለፈ። ግርማ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ግን ወንድ ነው። ቢላዋውን አስያዝኩት። አቃተው። አለቀሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን በእጄ ሸፍኜ ሳብኩት። ጎረቤት ሲጠይቅ ግርማ አረደ አልን። ልጁም ዓመቱን ሙሉ እኔ ነኝ ያረድኩ እያለ ሲፎክር ነበር። እኔም አመንኩት። ነገሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ዛሬ ነው ማን እንደሳበው ያየሁት።

እሱ ግን አይረሳውም። የእጄ ክብደት ከእጁ ላይ መቼ ይጠፋል።

ለጫልቱ ነገርኳት። ሳቀች፣ አፏን በሻርፕ ሳትይዝ።

እንግዲህ ደብተሬ፣ ቁርጡን ልጻፍልሽ፣ ነገ እንዳልፈራ። ሲገባ አላወራም፣ አልምልም፣ እሷም አታወራ። ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ወደ ጓሮ እወስደዋለሁ፣ ድንጋይዋ ጋ። የቆቋን ክንፍ እሱ ይረግጥልኛል፣ ጉልበቴ አይታጠፍም። ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ፣ በሥላሴ ስም እስበዋለሁ። በዓይኑ ያያል። ሁለተኛ ቆቅ ከተገኘች ሚስቱ ታርዳለች፣ ያንንም ያያል።

ወጡን አብረን እንሠራለን። አንገቱን ለእሱ አቀርብለታለሁ። ማን አረደው ብሎ ይጠይቀኝ። ያቺን የፋሲካዋን ዶሮ ማን አረዳት ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ቢላዋው ሳጥን ውስጥ የለም። ትራሴ ሥር ነው።